የፋብሪካ ብሎን፣ የቢራ ቆርቆሮ

ሮበርት ፐርሲግ ስለ ዜንና ስለ ሞተር ሳይክል ጥገና በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ያነበበው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ትዕይንት አለ። ጆን የሚባለው የጉዞ ጓደኛ አዲስ ቢኤምደብሊው ሞተር ሳይክል አለው፣ መሪው ግን ይንሸራተታል። ብሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አልይዝ ብሏል። ተራኪው መፍትሔውን ወዲያው ያያል፦ ከቢራ ጣሳ ላይ አንዲት ስስ ቁራጭ ቆርጦ መሃል ላይ መጠቅለል። አሉሚኒየም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ዝናብ አይጎዳውም። ከዚህ የተሻለ ነገር በገንዘብም አይገኝም። ጆን ግን ይቀየማል። ያን የመሰለ የጀርመን ማሽን በቢራ ቆርቆሮ!

በኋላ ተራኪው ለብቻው ሲያስበው ይስቃል። ምነው ዝም ብዬ ቆርጬ፣ ይህቺ ቁራጭ ከጀርመኑ ክሩፕ ፋብሪካ በስንት መከራ የተገኘች ናት ብዬው ቢሆን ኖሮ! ጆን በደስታ አብዶ ይቀበለው ነበር።

መጀመሪያ ያነበብኩት የምህንድስና ተማሪ ሆኜ፣ ስልክ ላይ፣ በፒዲኤፍ ነው። በጆን ከት ብዬ ሳቅሁበት። ያደግሁት አምደወርቅ ነዋ። ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የአይሱዙ ጭስ ማውጫ ተሰንጥቆ ቆሞ፣ ሾፌሩ ከኛ ከልጆቹ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ለምኖ፣ በድንጋይ ጠፍጥፎ፣ በሽቦ አስሮ ሲሄድ አይቻለሁ። ቆርቆሮውን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ለስንት ጊዜ በሰፈሩ ልጆች ላይ የተኩራራሁበት ነገር ነው። እና ጆን ምን ነካው?

ባለፈው ዓመት ግን ራሴን ጆን ሆኜ አገኘሁት።

አዲስ አበባ ይኖር የነበረው አጎቴ ሲሞት የ1969 ሞዴል ቮልስ ትቶ አለፈ (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ልጁ፣ ማለትም የአጎቴ ልጅ፣ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ እዚያ የድሮ መኪና እያደሱ ለዳኝነት የሚያቀርቡ ሰዎች ጓደኞች አሉት። የአባቱን ቮልስ አሳድሶ፣ አስጭኖ ወስዶ፣ ለዳኞች ሊያቀርበው አሰበ። እዚህ ሆኖ የሚከታተለው ሰው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የመጣው በቴሌግራም ነበር፦ የብሎኖቹን ራስ አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተህ ላክ።

ነገሩን ለማያውቅ፦ እነዚህ ዳኞች የሚያዩት ቀለሙንና ወንበሩን ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1974 የተቋቋመ የኮርቬት አዳሾች ማኅበር አለ፣ ዳኞቹ መኪናውን የሚመዝኑት ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ይኖረው ከነበረው መልክ ጋር ነው። የብሎኑ ራስ ላይ ያለው የአምራቹ ምልክት ካልገጠመ ነጥብ ይቀነሳል። የሚገርመው፣ ፋብሪካው ራሱ አበላሽቶ የሠራው ነገር ካለ ብልሽቱም እንዳለ መቆየት አለበት። ባለ መስቀል ቪቴን ሄንሪ ፊሊፕስ የፈጠራ መብት ያወጣበት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ስለዚህ በ1930 በተሠራ መኪና ላይ ባለ መስቀል ቪቴ ከተገኘ አንድ ሰው በኋላ ነካክቶታል ማለት ነው። የቮልስ ሰዎች ደግሞ ካማክስ የሚል የጀርመን አምራች ስም ብሎኑ ራስ ላይ ሲያዩ ልባቸው ይቀልጣል። ክሩፕን አስታወሳችሁ?

ፎቶ ለማንሳት ጋራዥ ሄድኩ። አጎቴ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያሠራበት ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የቮልስ አራቱን ፓራፋንጎዎች ከገላው ጋር የሚይዙት ብሎኖች ብቻ ከሠላሳ በላይ ናቸው፣ ባለ 8 ሚሊሜትር፣ በ13 ቁልፍ የሚፈቱ። ተንበርክኬ ስልኬን ስደግን ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ይነግሩኛል። ይሄ የላዳ ነው። ይሄ የፊያት ነው፣ አጎትህ ከሶማሌ ተራ ያመጣው። እነዚያ ሦስቱ ከምናለሽ ተራ ናቸው፣ ዳዶ አጥተን በሮንዴላ ደርበን ነው ያሠርናቸው። ይቺን ታያታለህ? ረጅም ነበረች፣ እሱ ራሱ በሞረድ ቆርጦ አሳጥሯት ነው።

የግራ የኋላው ፓራፋንጎ፣ ከታች ሁለተኛዋ። ጫፏ ጠማማ ነው፣ የሞረዱ መስመር ይታያል። ካማክስ የሚል ብሎን ግን ከሁሉም ውስጥ የተገኘው ስድስት ብቻ ነበር።

በሥራዬ ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረው ነው። ታሪኩ ተመዝግቦ ካልተቀመጠ ኮዱ ይሠራል፣ ግን ማንም ሊነካው ይፈራል። እነዚያ ብሎኖች ልክ እንደዚያ ዓይነት መዝገብ ነበሩ። የላዳው ብሎን መለዋወጫ የጠፋበትን ጊዜ ይናገራል። የጋራዥ ቋንቋችንም ያው ነው፦ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ፓራፋንጎ። ሁሉም ከጣሊያን ቋንቋ ወልቀው የኛ ላይ የታሰሩ ናቸው፣ እና ማንም ተነሥቶ በፋብሪካ አማርኛ እንተካቸው ቢል ጋሼ የሚስቁበት ይመስለኛል።

ወደ ፐርሲግ ልመለስ። መጽሐፉን ጋራዡ ውስጥ እየተመላለስኩ እንደገና አነበብኩት፤ በዚህኛው ዙር ያናደደኝ ሌላ ቦታ ነው። የተቀረቀረችው ቪቴ ላይ ያለው ክፍል። የጎን ክዳኑን የምትይዝ አንዲት ቪቴ አልፈታ ትላለች፣ የካቻቪቴ ማስገቢያዋ ይቀደዳል፣ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ያኔ የዚያች ቪቴ ዋጋ የሞተር ሳይክሉ ሙሉ ዋጋ ነው ይላል ተራኪው፣ ምክንያቱም እሷ ካልወጣች ማሽኑ ለምንም አይሆንም። እስከዚህ ድረስ ግሩም ነው። ከዚያ ግን መቀርቀር የማስተዋል መጀመሪያ ነው፣ አትቸኩል፣ ዝም ብለህ እያት ወደሚል ይሄዳል። አይሱዙ ላይ ቲማቲም ጭኖ ፀሐይ ላይ የቆመውን ሾፌር ይህን በሉትና የሚመልስላችሁን ስሙ። ፐርሲግ ሁልጊዜ ጊዜ አለው። ቪቴዋ ለእሱ የአእምሮ ፈተና ናት፤ ማን እንዳሰራት፣ ነገ ማን እንደሚፈታት ግን ብዙም አይጠይቅም። የቢራ ጣሳዋም እንደዚያው። ትሠራለች ወይስ አትሠራም? ትሠራለች። በቃ።

ዳኞቹ ቢያንስ ብሎን ማስረጃ መሆኑን ያውቃሉ። ጥፋታቸው ማስረጃነቱ የሚያበቃበትን ቀን መቁረጣቸው ነው፤ ፋብሪካው በር ላይ ያበቃል።

ይህን የምለው ማንኛውም ብሎን ይሁን ለማለት አይደለም። ራሱ ላይ 8.8 የሚል ብሎን ቢያንስ 800 ሜጋፓስካል ያህል እስኪጎተት አይበጠስም፣ መለጠጥ የሚጀምረው ደግሞ የዚያ 80 በመቶ ላይ ነው። ምልክት የሌለው ብሎን ምንም ቃል አልገባላችሁም። ጋሼ ምናለሽ ተራ የገዙትን ፍሬን ላይ አያስሩም፣ ፓራፋንጎ ላይ ነው እንጂ። ከአሮጌ አሜሪካ መኪና የወጣ ባለ 5/16 ኢንች ብሎን ደግሞ ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ነው፣ በዓይን ከ8ቱ አይለይም። ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ጥርሱን መብላት ይጀምራል። የሞተሩ የታችኛው የዘይት ክዳን ባለ 6 ሚሊሜትር ስድስት ዳዶዎች አሉት፣ የሚፈልጉት 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ጉልበቱን ሊያሳይ የፈለገ ጎረምሳ ከማግኒዚየም ቅልቅል የተሠራውን ገላ ጥርስ ነቅሎ ያወጣዋል። ፐርሲግም ይህን ያውቃል፤ ግዴለሽ መካኒኮች የተጫወቱበት ሞተሩ በመጨረሻ የተበላሸው በሃያ አምስት ሳንቲም ፒን ምክንያት ነበር። ልክ መሆን አለ። የኔ ጥያቄ ልክነቱ ከየትኛው ቀን ጋር ነው የሚለካው የሚል ነው።

የፐርሲግ መጽሐፍ የታተመው በ1974 ነው። የኮርቬቶቹ ማኅበር የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። በዚያው ዓመት፣ በኛ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱ ንጉሥ ወንበሩ ታጥፎላቸው ከኋላ ገቡ። ያ መኪና አሁን እጃችን ላይ ነው እንበል። ታድሶ ይቅረብ ቢባል ወደ የትኛው ቀን እንመልሰው? ወደ ፋብሪካው ከመለስነው ከሌላው ሃያ አንድ ሚሊዮን ቮልስ ምን ይለየዋል? የዚያን ጠዋት የታጠፈችው ወንበር ማጠፊያ ላይ የሆነ ሰው በኋላ ብሎን ቀይሮ ከሆነ፣ ዳኛው ስንት ነጥብ ይቀንሳል?

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከረፈደ ነው። አዲሶቹ ብሎኖች ከጀርመን ተገዝተው በሰው እጅ መጡ፣ እያንዳንዳቸው በትንንሽ ፕላስቲክ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ማን ይጠላል። ከጋሼ ጋር ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። እሳቸው አንድም ቃል አልተናገሩም፣ የሚወጣውን አሮጌ ብሎን ሁሉ ግን የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሉ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ቆርቆሮውን አነሡና፣ "እንካ፣ ይሄ አጎትህ ነው" ብለው ሰጡኝ።

ያኔ የቀረን የግራ የኋላው ፓራፋንጎ ብቻ ነበር። ከሌሎቹ ስምንቱን ቀየርን። ያቺን ጠማማዋን ፈታኋት፣ በጋዝ አጠብኳት፣ ትንሽ ቅባት ነክቼ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ጋሼ መጥበቋን በእጃቸው ሞከሩ።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ጻፈልኝ፤ ዝርዝሩ ላይ አንድ ብሎን ጎድሎብኛል፣ የግራ የኋላውን ፎቶ ላክ አለ። ላክሁለት። አንብቦታል፣ ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ይታያሉ። እስካሁን አልመለሰልኝም።