ድምፄ ለአይሱዙ ነው

ውርጌሳ ላይ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው የመኪና ጨዋታ አይቸግረውም፤ ከደሴ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ በከተማዋ ያልፋል። አንዱ ስለ ሲኖትራክ ጉልበት፣ ሌላው ስለ ዶልፊን ፍጥነት ይከራከራል። የእኔ ድምፅ ለኤንፒአር አይሱዙ ነው። በአደጋው ብዛት «አልቃይዳ» የሚል ክፉ ስም እንደወጣለት አልክድም። ግን ከአቅሙ በላይ የሚጭነውም፣ ሌሊት የሚያበረውም ሰው ነው።

የዘሩን በኩር፣ «ኤልፍ»ን፣ ጃፓኖች ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የምወድለት ቀላልነቱን ነው፤ በተለይ ኤሌክትሮኒክስ ያልበዛበትን። ጋቢናው ወደፊት ሲጋደል ሞተሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ የናፍጣ ፓምፑ ኮምፒውተር አይጠይቅም፣ ባሌስትራው ቢሰበር የትንሽ ከተማ ጋራዥ ይቀይረዋል። የመርሳን ማንጎና ሽንኩርት ለገበያ የሚያወጣው እሱ፤ የአውቶቡስ አካል ተሠርቶለት «ቅጥቅጥ» ተብሎ ሰው የሚያመላልሰውም ያው እሱ!

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጨዋታው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ጥሩ ነው፤ ግን ሽንኩርት ጭኖ የወሎን ዳገት ሲወጣ ልየውና ያኔ እንነጋገራለን።