የእርግዝና ሆርሞኖችና መልቲፕል ስክሌሮሲስ፤ በአንድ ጥናት ላይ የቀረበ ኂስ

በክፍል ውስጥ ስለ ሴት ሆርሞኖች ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወር አበባና ስለ ጽንስ ተናግረን እናልፋለን። ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን ግን በሽታን በሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ላይም ይሠራሉ። ለዚህ ዘወትር በማስረጃነት የሚጠቀሰው ክርስቲያን ኮንፋቭሩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ስለሆነ፣ ጥንካሬውንና ጉድለቱን መመዘን ተገቢ ነው።

መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን፣ ማለትም ማይሊንን፣ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይይዛል። ቀድሞ ብዙ ሐኪሞች ሕመምተኛዋ እንዳታረግዝ ይመክሩ ነበር።

ጥናቱ በ12 የአውሮፓ አገሮች 254 ሴቶችንና 269 እርግዝናዎችን ተከታትሏል። ከእርግዝና በፊት በነበረው ዓመት ሕመሙ በአንዲት ሴት ላይ በአማካይ 0.7 ጊዜ አገርሽቷል። በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት፣ በዓመት ሲሰላ፣ ወደ 0.2 ወረደ፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ወደ 1.2 ወጣ። ከዚያም ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ።

የሥራው ጥንካሬ ሴቶቹን ከእርግዝናቸው ጀምሮ መከታተሉና የእያንዳንዷን ሁኔታ ከራሷ ጋር ማነጻጸሩ ነው። የቀድሞው ክልከላ መሠረት እንደሌለውም አሳይቷል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «ያዳናቸው ሆርሞኑ ነው» ማለት ችኮላ ነው። ኤስትሪኦል የተባለው የኤስትሮጅን ዓይነት እስከ እርግዝና መጨረሻ ይጨምራል፤ ከወሊድ በኋላም ይወድቃል። ይሁን እንጂ በእነዚያው ወራት ሌሎች ሆርሞኖችም ይለወጣሉ፤ የእናቲቱ መከላከያ ኃይልም ከአባቱ ጭምር የወረሰውን ጽንስ እንዳያጠቃ ይለዝባል። ከዚህም በላይ ለማርገዝ የሚወስኑት ሕመማቸው ጋብ ያለላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ጥናቱ ሆርሞን ሰጥቶ አልፈተነም። ሁለት ነገሮች አብረው መውጣታቸውና መውረዳቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም።

ሆርሞኑ በቀጥታ ሲፈተንስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የአሜሪካ ሙከራ 164 ሴቶች ከተለመደው መድኃኒት ጋር ኤስትሪኦል ወይም አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ የማገርሸቱ መጠን በዓመት 0.25 እና 0.37 ሆነ። ልዩነቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ተመራማሪዎቹ የስሕተትን ዕድል ከተለመደው 5 በመቶ ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርገው ነው የተቀበሉት። በአውሮፓ ከወሊድ በኋላ ሆርሞን የተሰጠበት ሙከራ ደግሞ ማገርሸቱን አልከለከለም።

እንግዲህ መምህራን ይህን ጥናት ለክፍል ብናቀርበው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሆርሞን የመራቢያ አካላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ተማሪው ይረዳል። ሁለተኛ፣ ማስረጃ እስከ ምን ድረስ እንደሚናገር መመዘንን ይለማመዳል። ይህ ተራ የትምህርት ቤት ልምምድ አይደለም፤ አንዲት ሕመምተኛ «አትውለጂ» ወይም «ብታረግዢ ትድኛለሽ» ስትባል ሁለቱም ምክር ከማስረጃው በላይ የሄደ መሆኑን የሚነግራት ያስፈልጋታልና።