መልሕቅ ከተጣለ በኋላ

የባሕር ጉዞ መጻሕፍት በአብዛኛው ማዕበል ላይ ይበረቱና ወደብ ላይ ይደክማሉ። ደራሲው ለአርባ ቀን ብቻውን ከነፋስ ጋር ሲታገል ገጹ ሕይወት ይሞላዋል፤ የከተማዪቱ መብራት ታይቶ ገመዱ ከታሰረ በኋላ ግን ሁለት አንቀጽ ይበቃዋል። ሹማምንቱ ደጎች ነበሩ፣ እንግዳ በዛ፣ ስንቅ ተሞላ፣ ሸራ ተዘረጋ። የዚህ ልማድ አባት ጆሹዋ ስሎከም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሎከም በኤፕሪል 1895 እ.ኤ.አ. ከቦስተን ተነሥቶ በጁን 1898 ኒውፖርት ሲደርስ ዓለምን ብቻውን በሸራ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ስፕሬይ የተባለችው ጀልባው ርዝመቷ 11 ሜትር ያህል ነው፤ ከበሰበሰ አሮጌ አካል ተነሥቶ በገዛ እጁ የሠራት ናት። ከ46,000 ማይል በላይ የፈጀውን ጉዞ የሚተርከው መጽሐፉ በ1900 ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ሊነበብም ይገባዋል። ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ የመርከብ ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕና ለዛ ያለው ቋንቋ ከየት አመጣው የሚያሰኝ ነው። ሜልቦርን ላይ የወደብ ቀረጥ ሲጠየቅ ሳያጉረመርም ይከፍላል፤ ከዚያም ጀልባዋን ለማየት የሚመጣውን ሁሉ ስድስት ስድስት ፔንስ እያስከፈለ ገንዘቡን ያስመልሳል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሻርክ አጥምዶ በዚያው ዋጋ ያስጎበኛል። እንዲህ ያለውን ቀልድ ፊቱን ሳይፈታ መናገር ይችልበታል።

የዚህ አካባቢ አንባቢ መጽሐፉን ሲገልጥ አስቀድሞ የሚፈልገው ቀይ ባሕርን ነው፤ አያገኘውም። የስሎከም የመጀመሪያ ዕቅድ በጂብራልታር ገብቶ፣ ስዊዝን አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ወርዶ ወደ ምሥራቅ መዝለቅ ነበር። በኦገስት 1895 ጂብራልታር ሲደርስ ግን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንኖች በዚያ መስመር ዳርቻዎች የባሕር ወንበዴ እንዳለ ስላስጠነቀቁት፣ ፊቱን አዙሮ አትላንቲክን ዳግም አቋርጦ በደቡብ አሜሪካ በኩል ሄደ። ምጽዋ ያን ጊዜ በኢጣልያ እጅ ነበረች፤ የዓድዋ ጦርነት ሊደረግ የቀረው ሰባት ወር ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ምጽዋ ላይ መልሕቁን ቢጥል ኖሮ ምን ይጽፍልን ነበር ብሎ መመኘት ያጓጓል። የደርባንን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ግን ብዙም ሳያይ ሊያልፍ ይችል እንደነበር ይገምታል።

ስሎከም ደርባን የደረሰው በኖቬምበር 17 ቀን 1897 ነው። ገና ከሩቅ ሳለ የወደቡ የምልክት ጣቢያ አይቶት፣ ሸራውን ሲቀንስ ተከታትሎ፣ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አስታውቆ ነበር፤ ጋዜጣም ወሬውን አወጣው። ስሎከም ይህን በደስታ ይነግረናል፤ ደስታውም ይጋባል፤ በባሕር ላይ ማንም ሳያየው የሰነበተ ሰው በመጨረሻ የሚያየው አግኝቷልና። በከተማዪቱም የተከበረ እንግዳ ሆነ። ከሄንሪ ሞርተን ስታንሌይ ጋር ሲገናኝ፣ ስታንሌይ ጀልባዋ ከዐለት ብትጋጭ ምን እንደሚውጣት ይጠይቀዋል። የኮንጎን ወንዝ በጠመንጃ የወረደው ሰው በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሰው ደኅንነት የሚጨነቅ ሽማግሌ ሆኖ ቀርቧል።

በዚያው ወደብ፣ አሥራ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1896፣ ኩርላንድና ናደሪ የተባሉ ሁለት መርከቦች ከሕንድ መንገደኞችን ይዘው መጥተው ነበር። ወረርሽኝ ተፈርቷል ተብሎ መንገደኞቹ ከሦስት ሳምንት በላይ መሬት እንዳይረግጡ ተከለከሉ፤ በከተማዪቱ ደግሞ ነጮቹ ነዋሪዎች እንዲመለሱ እየጠየቁ ይሰበሰቡ ነበር። በጃኑዋሪ 13 ቀን 1897 መውረድ ሲፈቀድላቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ የነበረው ወጣት ጠበቃ ሞሃንዳስ ጋንዲ መንገድ ላይ ተደበደበ፤ ያተረፈችው የፖሊስ አዛዡ ሚስት ናት፤ ጃንጥላዋን ዘርግታ በመካከል ገባች። በዚያው ዓመት ናታል፣ መጤዎች ማመልከቻቸውን በአውሮፓ ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

ስሎከም ይህን ሁሉ የመጻፍ ግዴታ ነበረበት ወይ? አልነበረበትም። ታሪክ ጸሐፊ አልነበረም፤ እንግዳም የአስተናጋጁን ጓዳ አይፈትሽም። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከወደብ ወደብ የሚሄድ የመድረስ መጽሐፍ ነው፤ በየደረሰበት የተደረገለትን አቀባበልም የጀልባዋና የራሱ ጨዋነት ያስገኘው ዋጋ አድርጎ ይቆጥረዋል። ያው መድረክ ለሌላው ግድግዳ እንደሚሆን በአእምሮው ሽው ያለ አይመስልም። በሰው አገር የኖረ፣ የመታወቂያ ወረቀቱን ይዞ በመስኮት ፊት የቆመ አንባቢ ሳቁን ሳያቋርጥ የሚያነብበው እስከ ሜልቦርን ድረስ ነው፤ ደርባን ላይ ቆም ይላል።

ወደብን በእርግጥ ያየው ሌላ ሰው ነው። ፈረንሳዊው በርናርድ ሞይቴሲዬ ባለ ብረት ጀልባውን በስሎከም ስም ‹‹ጆሹዋ›› ብሎ ሰይሞ፣ በኦገስት 1968 ከፕሊመዝ ለዓለም ዙር ውድድር ተነሣ። ሽልማትና ዝና እየጠበቁት ሳለ፣ በማርች 1969 ከኬፕታውን አጠገብ በወንጭፍ ወደ አንዲት መርከብ መልእክት ወርውሮ ወደ አውሮፓ እንደማይመለስ አሳወቀ፤ ጉዞውንም ቀጥሎ በጁን 21 ቀን ታሂቲ፣ ፓፔቴ ወደብ ገባ። በ1971 የታተመው ‹‹ረጅሙ መንገድ›› በዚህ አያበቃም፤ ትልቁ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው። አሥር ወር መሬት ያልረገጠ ዓይን በጥላና በሣር የተሸፈነው የወደብ ዳርቻ በኮንክሪትና በሰፊ መንገድ ሲተካ ይመለከታል። በ1966 በዚያው ቅኝ ግዛት የጀመረው የፈረንሳይ የኑክሌር ሙከራ ያመጣው ገንዘብ ከተማዪቱን እየለወጣት ነበር። ሞይቴሲዬ ከቡልዶዘሩ ፊት ለፊት ታስሮ ሁሉን ይሰማል።

ገጾቹ እንከን የለባቸውም ማለት አይደለም። ሰውየው መቆጣቱ አግባብ ቢሆንም ቁጣው ቶሎ ወደ ስብከት ይለወጣል፤ በባሕሩ ምዕራፍ ላይ የነበረው ዝምታ ይጠፋል። የከተማዪቱ ሰዎች ድምፅም ከእርሱ ድምፅ ያነሰ ነው፤ በዚያ ኮንክሪት ሥራ እንጀራ ያገኘው የታሂቲ ተወላጅ ምን ያስብ ነበር የሚለው አልተጠየቀም። ቢሆንም ሞይቴሲዬ ወደቡን የጉዞው ማረፊያ ብቻ አላደረገውም፤ ሰው የሚኖርበት፣ ሰውም የሚያበላሸው ቦታ መሆኑን አይቷል።

ሁለቱን ለአማርኛ አንባቢ ለማቅረብ የሚነሣ ተርጓሚ ቢኖር ከስሎከም ቢጀምር ይሻላል፤ ቋንቋው ጥርት ያለ ነው፣ ቀልዱም ወደ አማርኛ ሳይሰበር ይሻገራል። የደርባን ምዕራፍ ሲደርስ ግን በግርጌው አንድ ማስታወሻ ያክል፤ የሁለቱን መርከቦች ስምና ቀኑን ብቻ።