ሻዩን ያቀረበችው ማን ነበረች?

እሁድ ስንገናኝ ብዙዎቻችሁ የምታወሩት ስለ ቱርክ ድራማ ነው፤ ማን ማንን አገባ፣ ማን ማንን ከዳ። እኔ እዚያ ወሬ ውስጥ ብዙም አልገባም። የኔ ነገር የወንጀል ፊልም ነው። ሰው ሞቶ ካልጀመረ ፊልሙ የጀመረ አይመስለኝም። አንዳንዶቻችሁ «አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ?» ትሉኛላችሁ። ጤነኛ ነኝ። ለምን እንደምወደውና የት ላይ እንደሚያናድደኝ ዛሬ ልጻፍላችሁ።

የምሠራው ቤሩት ነው፤ የማዳምን እናት ነው የምጠብቀው። ልጆቹ እንደሚጠሯቸው እኔም ቴታ እላቸዋለሁ። 84 ዓመታቸው ነው። በአረብኛ ስንነጋገር «አንቺ» ነው የምላቸው፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይለኛል። እግራቸው አልራመድ ብሏቸዋል፣ አእምሮአቸው ግን ከኔ ይፈጥናል። የማታ መድኃኒታቸውን ከወሰዱ በኋላ እንቅልፍ ቶሎ ስለማይመጣ ቴሌቪዥን እናያለን፤ እሳቸው አልጋቸው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ለነገ ታቡሌ በቅዱኒስ እየለቀምኩ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ ከስሩ በአረብኛ ይጻፋል። እኔ አረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም። ከአስረኛ ክፍል የተረፈኝ እንግሊዝኛ ግን አለ፤ ያመለጠኝን ቴታ ይነግሩኛል።

እንወራረዳለን። ፊልሙ ግማሽ ሲደርስ ሁለታችንም የገዳዩን ስም እንጠራለን። ቴታ ከተሸነፉ እሁድ አንድ ሰዓት ይጨምሩልኛል። እኔ ከተሸነፍኩ እግራቸውን አሻለሁ፤ መቼም እሱን ሳልሸነፍም አደርገዋለሁ። ታዲያ ቴታ መጀመሪያ የሚጠሩት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሠራተኛዋ ናት።» እዚያው እኔ ፊት! በክፋት አይመስለኝም። ከአፋቸው የሚወጣው ሳያስቡት ነው።

ከሁሉም የምንወደው ከአጋታ ክሪስቲ መጽሐፎች የተሠሩትን ነው። አጋታ እ.ኤ.አ. በ1890 ተወልዳ በ1976 የሞተች እንግሊዛዊት ናት። 66 የወንጀል ልብ ወለዶች ጽፋለች። መርዝ በደንብ የምታውቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ስለሠራች ነው። ከመርማሪዎቿ መካከል ሁለቱ ይበልጣሉ፤ ፖይሮና ሚስ ማርፕል። ፖይሮን ዴቪድ ሱሼ የሚባል ተዋናይ ከ1989 እስከ 2013 ድረስ በ70 ክፍሎች ተጫውቶታል። እኔ መጀመሪያ የወደድኩት ጢሙን አይቼ ስለሳቅኩ ነበር። በኋላ ግን ሰውየው ስደተኛ መሆኑን ተረዳሁ። ቤልጅየም ውስጥ ፖሊስ የነበረ ነው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ተሰዶ እንግሊዝ ገባ። እንግሊዞቹ አነጋገሩን ሰምተው ይንቁታል። እሱ ደግሞ የሚችለውን እንግሊዝኛ ሆን ብሎ ይሰባብረዋል፣ ንቀውት ፊቱ እንዲዘባርቁ። ይህን በአንዱ መጽሐፍ ላይ ራሱ ይናገረዋል። ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። ማዳም ስልክ ላይ ስለ ደመወዛችን ስታወራ አረብኛ ያልገባን መስለን ሽንኩርት የምንከትፍ እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ!

አሁን ወደ ሁለቱ ታሪኮች ልምጣ። ሁለቱም መጽሐፎች የወጡት በአንድ ዓመት፣ በ1953 ነው። (መጨረሻቸውን እናገራለሁ። ሳትሰሙ ማየት የምትፈልጉ ገጹን እጠፉትና በኋላ ተመለሱ።)

አንዱ «ከቀብሩ በኋላ» ይባላል። አንድ ሀብታም ሰውዬ ሞቶ ተቀብሯል፣ ቤተሰቡ ኑዛዜ ሊሰማ ተሰብስቧል። ዘመድ ለብዙ ዓመት ያላያት እህቱ ኮራ ትመጣና «ተገድሎ የለም እንዴ?» ዓይነት ነገር ጣል ታደርጋለች። ሁሉም ይደነግጣል። በማግስቱ ኮራ ራሷ ቤቷ ውስጥ በመጥረቢያ ተገድላ ትገኛለች። ሰው ሁሉ «ምስጢር ስለምታውቅ ነው የገደሏት» ብሎ ያስባል። ከኮራ ጋር ሚስ ጊልክሪስት የምትባል ሴት ትኖር ነበር፤ ምግብ የምትሠራላት፣ ቤቱን የምትይዝላት፣ ስታወራ የምትሰማት። ጊልክሪስት ታለቅሳለች፣ ሻይ ታቀርባለች፣ ትፈራለች፣ የተመረዘ ኬክ በልታ ትታመማለች።

ያን ማታ ቴታ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሠራተኛዋ ናት» አላሉም። የሟቹን የወንድም ልጅ ጠሩ። እኔ ከባሎቹ አንዱን ያዝኩ። ሁለታችንም ተሸነፍን። ገዳይዋ ጊልክሪስት ናት። ቀብሩ ላይ የመጣችውም ኮራ አልነበረችም። ኮራን በመድኃኒት አስተኝታ፣ ልብሷን ለብሳ፣ አነጋገሯን ቀድታ የሄደችው ጊልክሪስት ናት። ያን ቃል የጣለችው ኮራ ስትሞት ሰው ሁሉ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ነው። ከዚያ በኋላ እኮ እነዚያው ዘመዶች ዘንድ ገብታ ትሪ ይዛ ትመላለሳለች! አንድ ሰው እንኳ «ይቺን ሴትዮ የት ነው ያየኋት?» አላለም። ሻይ ከሚያቀርብ እጅ በላይ ማን ቀና ብሎ ያያል? ደራሲዋ የቆለፈችበት ቁልፍ ይኸው ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን እኔም አለማየቴ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ትሪ የያዝኩ ሰው፣ ትሪ የያዘችውን አላየኋትም። ዓይኔ ሐር የለበሱትን፣ ውርስ የሚጠብቁትን፣ መኪና ያላቸውን ሲከተል አመሸ። ፊልም ስናይ የማንን ዓይን ተውሰን ነው የምናየው? ከዚያ ማታ ጀምሮ አዲስ ፊልም ሲጀምር መጀመሪያ የምቆጥረው በር የሚከፍቱትን ነው።

ለምን ገደለች? ለሻይ ቤት። ጊልክሪስት በፊት የራሷ ሻይ ቤት ነበራት፤ በጦርነቱ ጊዜ ከሰረችና ሰው ቤት ገባች። ኮራ ዋጋውን ሳታውቅ የገዛችው አንድ የቨርሚር ሥዕል ነበር፤ ያን ሸጣ እንደገና ሻይ ቤት ልትከፍት ነው ያን ሁሉ ያደረገችው። ኮራ በኑዛዜዋ ለጊልክሪስት የተወችላት አንድ የደረት ጌጥና ራሷ የሣለቻቸውን ሥዕሎች ብቻ ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ ጊልክሪስት ታስራ፣ አእምሮዋ እየተነካ፣ ስለ አንዱ ሻይ ቤት ጨርሳ ስለ ሌላው ታቅዳለች፤ ስም ሳይቀር ታወጣለች።

ኮራ አንዲት ክፉ ነገር ያላደረገች ሴት ናት፣ በመጥረቢያ መሞት አይገባትም ነበር፤ ለጊልክሪስት ጥብቅና አልቆምም። ግን ስለ ሻይ ቤቱ ስታወራ ምግብ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እኛ ውስጥ የሻይ ቤት ዕቅድ የሌላት ማን ናት? እኔ ኮምቦልቻ መናኸሪያው አካባቢ ነው የማስበው። ስንት ወንበር እንደሚይዝ አውቃለሁ፣ የስኒውን ቀለም መርጬ ጨርሻለሁ፣ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር። ሐዋላ በላክሁ ቁጥር ደግሞ ዕቅዱ ወደ አባቴ ቤት ጣራና ወደ ወንድሜ ትምህርት ይሄዳል። ደራሲዋ ይህን ምኞት በገዳይ አፍ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። እዚህ ላይ ነው የምጣላት። ሀብታሞቹ ዘመዶች ገንዘብ ሲፈልጉ ታስቀናለች ወይም ታስቃለች፣ አብራ የምትኖረው ሴት ሲያምራት ግን መጥረቢያ።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሳቀርብ ቴታ ስኒውን ትተው ፊቴን አዩኝ፣ ቆየት ብለው። ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሻዩን ግን ትንሽ አዘግይተው ነው የጠጡት።

ሁለተኛው ታሪክ ሚስ ማርፕል ያለችበት «ኪስ ሙሉ አጃ» ነው። ሀብታሙ አባወራ በመርዝ ይሞታል፣ ኪሱ ውስጥ እህል ይገኛል። ወጣቷ ሚስቱም ሻይ ላይ በመርዝ ትሞታለች። የቤቱ ሠራተኛ ግላዲስ ደግሞ ልብስ ከሚሰጣበት ቦታ ታንቃ ትገኛለች፤ አፍንጫዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ተሰክቶባታል። እንግሊዞች ለልጆቻቸው የሚዘፍኑት አንድ መዝሙር አለ፤ ንጉሡ ገንዘቡን ሲቆጥር፣ ንግሥቲቱ ማር ስትበላ፣ ገረዷ ልብስ ስታሰጣ ወፍ መጥታ አፍንጫዋን ትነጥቃታለች። ገዳዩ ያንን ነው የተከተለው።

ግላዲስ ወላጅ የሌላት፣ ያሳደጋት ተቋም የሆነ ልጅ ናት። ሚስ ማርፕል ናት ማስተናገድና ብር መወልወል ያስተማረቻት። አልበርት ነኝ የሚላት ሰው በፍቅር አታሎ መርዙን ማርማላታው ውስጥ እንድትጨምር አደረጋት፤ እሷ መርዝ መሆኑን አላወቀችም። አልበርት የቤቱ ልጅ ላንስ ነበር። ሥራውን ካስጨረሳት በኋላ ገደላት። ያን ቀን አንዱን የሻይ ትሪ አስገብታለች፣ ሁለተኛውን ግን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ ወጥታለች። እዚህ ላይ ፖሊሱን ቀደምኩት። «ልብስ ልትሰበስብ ወጣች» ሲሉ «ውሸት!» ብዬ ጮኽኩ። ሻይ እየቀረበ፣ ትሪ መንገድ ላይ ጥላ፣ ልብስ ልትሰበስብ የምትወጣ ሠራተኛ የት አለች? ሰው ጠርቷት ነው እንጂ። ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም፣ አንድ ቀን ትሪ መያዝ ይበቃል።

በዚያ ቤት ሁለት ባለጠጋ ሞተዋል፣ ጋዜጣውም ፖሊሱም ስለነሱ ነው። ሚስ ማርፕል ባቡር ተሳፍራ የመጣችው ግን ለግላዲስ ብላ ነው። ከሁሉ ያስቆጣት ያ መቆንጠጫ ነው፤ ከገደሏት በኋላ ደግሞ መናቃቸው። ቁጣዋን ወደድኩላት።

የናንተን አላውቅም እንጂ እኔ ይህን ፊልም ቁጭ ብዬ አልጨረስኩትም። ከሦስት ዓመት በፊት ከፊት ለፊታችን ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ያገራችን ልጅ ነበረች። በር ስለሚቆለፍባት አግኝቻት አላውቅም። ልብስ ስናሰጣ ከባልኮን ባልኮን እንነጋገር ነበር፤ መኪና ሲያልፍ እጅ በእጅ፣ ዝም ሲል በድምፅ። አንድ ጠዋት ወደቀች። የሕንፃው ሰዎች «ልብስ እያሰጣች ነበር» አሉ። ገመዱ ላይ አንድም ልብስ አልነበረም። እኔ ከዚህ ማዶ አየሁት። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መረጃ ከጥር 2007 ወዲህ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች ሞተዋል፤ 40ው ራሳቸውን ገደሉ ተብሎ ተመዝግቧል፣ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው፣ ብዙ ጊዜ ሊያመልጡ ሲሉ። ምርመራው በቂ እንዳልነበረም ጽፏል። ወንጀል ፊልም ለምን እንደምወድ የምትጠይቁኝ መልሱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፊልም ውስጥ ሰው ሲሞት ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ገመዱ ላይ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል።

አጋታን ማመስገኔን አላቆምም፣ ግን ግላዲስን ስትስል እጇ ከባድ ነው። መልከ ጥፉ፣ ቀርፋፋ፣ የተነገራትን ሁሉ የምታምን ሞኝ አድርጋ ነው የጻፈቻት። ብልህ ልጅ ብትሆን ኖሮ አትታለልም ነበር ማለቷ ነው? ብልህ ልጅም እኮ በደላላ አፍ አገር አቋርጣ ትመጣለች። እዚህ ላይ ቴሌቪዥኑ ከመጽሐፉ ይሻላል። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ በ1985 ጆአን ሂክሰን፣ በ2009 ጁሊያ ማኬንዚ ሚስ ማርፕል ሆነው። መጽሐፉ ላይ ግላዲስ ብዙውን ሰዎች የሚያወሩላት ናት፤ ፊልሙ ላይ ግን አንዲት ሴት ያንን ልብስ ለብሳ መቆም፣ ፊት ኖሯት መተንፈስ አለባት። ሞኝ ብለው ቢጽፏትም ዓይኗን ታያላችሁ። ከሁለቱ የሂክሰንን እመርጣለሁ። ሂክሰን ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ ሹራብ እየሠራች ሰው ታፈርሳለች።

መጽሐፉ ግን አንድ ነገር ይበልጣል፤ መጨረሻው። ሚስ ማርፕል ቤቷ ስትመለስ ግላዲስ ከመሞቷ በፊት የጻፈችው፣ በመንገድ የዘገየ ደብዳቤ ይጠብቃታል። ምን ላድርግ ብላ ትጠይቃታለች፣ ከአልበርት ጋር የተነሳችውን ፎቶም አብራ ልካለች። ያ ፎቶ ነው ገዳዩን የሚይዘው። ሐምራ አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በገዛሁት መጽሐፍ፣ ስልኬ ላይ ቃል እየፈለግኩ አራት ወር ነው የፈጀብኝ። ያንን ገጽ ሳነብ ቴታ ከአልጋቸው «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ያቺ ከፊት ለፊት የነበረችው ልጅ፣ ስሟ ማን ነበር?» አሉ። ስሟን ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ በአረብኛ አፍ ስለሚከብድ።

ሁለቱም መጽሐፎች እኔ ጋ አሉ። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፣ ዐረፍተ ነገሮቹ አጭር ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ጋ ስለምመጣ የፈለገች ትውሰድ። «ከቀብሩ በኋላ» ላይ ገጽ መካከል ዘይት ፈሶበታል፣ እሱ የኔ ነው፣ አትቆጡ።