የቱም ጓሮ በመጸው መገባደጃ

ብሳና ያረጁ ቅጠሎቹን በአንድ ጊዜ አያራግፍም። አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ እያለ ከአረንጓዴው መካከል መርጦ ብርቱካናማ ያደርጋቸዋል። ጤነኛው ቅጠል ላዩ አረንጓዴ፣ ሆዱ ገርጣ ያለና በጥቃቅን ጠጕር የተሸፈነ ነው። የመውደቂያው ጊዜ ሲደርስ ግን ከአንገቱ እስከ ጫፉ ደማቅ ብርቱካናማ ይሆንና ከሥሩ ባለው ቡና ላይ ያርፋል። በአገራችን ቅጠል ቀለሙን የሚለውጥበት ወቅት የለም የሚል ሰው ብዙ ነው። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ ቱም አካባቢ ካለ ጓሮ ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ወቅቱ አለ፤ የሚመጣው ግን በአንድ ቀን ተራራውን ሁሉ እያቀላ ሳይሆን ቅጠል በቅጠል ነው። ስለዚህም ቀርቦ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል።

በእኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። የመጀመሪያው ክፍል፣ እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ስለሆነ ዘፈንም መዝሙርም አላጣም። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ይዘነጋሉ። በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ከሌላው አገር ዘግይቶ ስለሚወጣ፣ ሰሜኑ ገለባ ለብሶ ሳለ እዚህ መሬቱ ገና እርጥብ ነው። አረንጓዴው ሳያልቅ ቀዩ፣ ቢጫውና ቡናማው ይደርሱበታል። ከሚዛን ተፈሪ በጀሙ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ከማጂ ከፍታ ዝቅ ብላ የተቀመጠችውን ቱምን የሚያገኛት እንዲህ ባለ ጊዜ ከሆነ ዕድለኛ ነው። አካባቢው የዲዚ ሕዝብ አገር ነው፤ ሜኢኒትና ሱሪ ይጎራበቱታል። ገበሬው እንሰት፣ ቡና፣ ጎደሬ፣ በቆሎና ማሽላ ያውቃል። ከእነዚህ አብዛኞቹን በአንድ አጥር ውስጥ አስማምቶ የሚያኖርበት ቦታ ደግሞ ጓሮው ነው።

ይህን ጓሮ ከመንገድ ላይ ያየ ሰው ጫካ ይመስለዋል። ገብቶ ለቆመበት ግን የተሠራ ነገር ነው። ሸማኔ የጥበቡን ድር ሲያሰላ የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ እንደሚመጣ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ባለጓሮዋም እንሰቱን የት፣ ቡናውን ከምን ሥር፣ ኮረሪማውን በየትኛው ጥላ እንዳኖረች ታውቃለች። ልዩነቱ፣ የሸማኔው ሥራ ከሳምንታት በኋላ ከእቃው ሲወርድ የእሷ ግን ዓመታት መፍጀቱ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ አየሩና እንደ ዝርያው ከ3 እስከ 7 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቡና የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪያሳይ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል። ብሳናውም ጥላ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል። በመጸው መገባደጃ የሚታየው እያንዳንዱ ቀለም ድሮ የተላለፈ ውሳኔ ነው።

ከእንሰቱ እንጀምር፤ ለቤቱ የሚቀርበው እሱ ነው። ከኩሽና የወጣ አመድ፣ የከብት ፍግና የቤት ጥራጊ በቀላሉ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ግንድ የምንለው በእርግጥ ግንድ አይደለም፤ የቅጠሎቹ እግሮች ተደራርበው፣ አንዱ ሌላውን አቅፎ የቆመ ምሰሶ ነው። ከላዩ በወይን ጠጅና በጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ፣ ከዚያም ላይ ነጭ ሰም መሰል ዱቄት ተነስንሶበት ይታያል፤ ጣት ሲነካው ይለቃል፣ ከሥሩም ያለው ቀለም ይደምቃል። የቅጠሉ አከርካሪ በአንዱ ዝርያ ንጹሕ አረንጓዴ፣ በሌላው ሮዝ፣ በሦስተኛው ደም የመሰለ ቀይ ነው። እንሰት አብቃይ ሕዝቦች ዝርያዎቻቸውን የሚለዩትም በአመዛኙ በዚህ ነው፦ በአከርካሪው፣ በቅጠሉ እግርና በግንዱ ቀለም። ለቆጮ የሚመረጠውን፣ ሥረ ግንዱ፣ ማለትም አምቾው፣ ተቀቅሎ የሚበላውን፣ ቃጫው የሚጠነክረውን ከሩቅ የሚለየው ዓይን ነው። የፀሐይ ጨረር በቅጠሉ ውስጥ ሲያልፍ ቀዩ አከርካሪ ከዳር እስከ ዳር ይበራል። ባለጓሮዋ ቀዩን ከአረንጓዴው አጠገብ መትከሏ ለዓይን ብቻ ብላ አይደለም፤ ዝርያ መቀላቀል ለክፉ ቀን ዋስትና ነው። ዋስትናው ውብ ሆኖ መገኘቱ ግን በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። በየቀኑ የምታየውን ነገር የምትተክል ሴት ለዓይኗ ግድ የላትም ማለት ሴቲቱን አለማወቅ ነው።

ይህ ቀለም የባሕር ማዶ ሰዎችንም ማርኳል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ጎብኝቶ ሲመለስ እንሰትን ከነሥዕሉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1853 ዋልተር ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የዕፅዋት ሥፍራ ላከ። ዛሬ ቅጠሉ የቀላ እንሰት በብዙ የአውሮፓ አትክልት ሥፍራዎች ለውበቱ ብቻ ይተከላል፤ ብርዱ ሲመጣም ተነቅሎ ቤት ይገባል። እዚያ ጌጥ ነው። እዚህ ጌጥም፣ እራትም፣ ገመድም፣ የዳቦ መጋገሪያ ቅጠልም ነው። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ የቀመሰ የሰሜን ሰው የዚህን ቅጠል ጠረን በደንብ ያውቀዋል።

የባለሙያዋ ዓይን ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በቢጫ ላይ ነው። በመጸው መጨረሻ እንሰቱ ላይ ቢጫ ቅጠል መታየቱ ያለ ነው፤ ጥያቄው የትኛው ቅጠል ነው የሚለው ነው። ከዳር ያለው፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ከሆነ እርጅና ነው። ቅጠሉ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻም ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ይሆንና ከግንዱ ጋር ይንጠለጠላል። ባለጓሮዋ ከደረቁት ከፊሉን በቢላ ትቀንስና መሬት ታለብስበታለች፤ ከፊሉን ለመጠቅለያና ለማሰሪያ ታስቀምጣለች። ከመካከል፣ ከልቡ የወጣው አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከተዝለፈለፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አጠውላጊው በሽታ ነው። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ መንሥኤው ባክቴሪያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ያሳወቁት ይህንኑ በሽታ ነው። ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው በቢላም ይሻገራል። ስለዚህ የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይወገዳል፤ ቢላውም በእሳት ካልጸዳ ጤነኛውን አይነካም። ከዳር ያለው ቢጫና ከልብ የወጣው ቢጫ ለእንግዳ ዓይን አንድ ናቸው። ይህን ልዩነት ጠዋት ጠዋት፣ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ሳትቆም የምታነብ ሴት ባለሙያ ካልተባለች ማን ይባል?

ከእንሰቱ አልፎ፣ ከብሳናው፣ ከሰሳውና ከዋንዛው ጥላ ሥር ቡናው አለ። የቡና ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ዳሩ ይሞገዳል። ገልብጠው ሆዱን ቢያዩት፣ ጅማቶቹ ከመካከለኛው በሚለያዩበት ማዕዘን ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ሸረሪት መሰል ፍጥረታት የሚያድሩባቸው ቤቶች ናቸው፣ ከእነሱም አንዳንዶቹ ቅጠሉን የሚያጠቁ ጥቃቅን ጠላቶችን ይበላሉ። በዚያው ሆድ ላይ የብርቱካን ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ የቅጠል ዝገት ነው። በአንድ ጓሮ ውስጥ ሁለት ብርቱካናማ አለ ማለት ነው፤ የብሳናው ቀለም ሰላም፣ የቡናው ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ፍሬው ደግሞ የወቅቱ ጌጥ ነው። ቡና ካበበ በኋላ ለመብሰል ከ7 እስከ 9 ወር ይፈልጋል። አበባው በየዝናቡ ስለሚፈነዳ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ጠቁሮ የደረቀ ፍሬ ጎን ለጎን ይገኛል። በዚህ ጊዜ የለቃሚው ጣት ሥራ ሊታይ ይገባዋል። ቅርንጫፉን በግራ እጅ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ በቀኙ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት የበሰለውን ብቻ ጠምዘዝ አድርጎ ይቀጥፋል፤ ቢጫው ለሚቀጥለው ዙር ይቀራል። ቅርንጫፉን ከሥር እስከ ጫፍ በአንድ ስቦ መላጥ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ያልበሰለውን ከበሰለው ይደባልቃል፣ ለከርሞ አበባ የሚሸከመውን የቅርንጫፉን ጫፍም ያቆስላል። በአልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ እሸት ቡና ቀን በቀን እየጠቆረ፣ እየተጨማደደ፣ በመጨረሻም ሲነካ የሚንኳኳ ጀንፈል ይሆናል። በአንድ ጓሮ ውስጥ ለስላሳው፣ የተጨማደደውና የሚንኳኳው በአንድ ቀን በእጅ ይዳሰሳሉ።

ስለ ቡና ቅጠል ቀለም ይህ አካባቢ ለዓለም የሰጠው ትምህርት አለ። በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሪቻርድ ዌሊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ ደን የተለቀመ ዘር ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ በታንጋኒካ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ወደሚገኝ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከዚህ ዘር የበቀለው ጌሻ የተባለ ቡና በፓናማ የቡና ውድድር አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። ዛሬ ጌሻ አብቃዮች ችግኛቸውን ሲለዩ ከሚያዩት ነገር አንዱ የለጋ ቅጠሉ ጫፍ ነው፤ ነሐስ የመሰለ ነው ወይስ አረንጓዴ? ይህን ልዩነት ለማየት ጓሮ ገብቶ ከቡናው ጫፍ ላይ ዓይንን ማሳረፍ ይበቃል፤ በመጸው መጨረሻም አዲስ ቅጠል አይጠፋም።

ከቡናው ሥር፣ እርጥበትና ጥላ ባለበት፣ ኮረሪማ አለ። ረጅም ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉ ፍሬው ከመሬት ጠጋ ብሎ ቀልቶ ይታያል፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ሲሰነጠቅም ሽታው ቤቱን ይሞላል። ጎደሬው ቅጠሉን ከፍ አድርጎ ዘርግቷል። የጠዋት ጤዛ አይሰርግበትም፤ በጥቃቅን ሰማማ እብጠቶች የተሸፈነ ስለሆነ ውኃው ክብ ሆኖ ይንከባለልና ይወርዳል፣ ቅጠሉም ደረቅ ሆኖ ይቀራል። በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ያለችው የቴፒ ከተማ በእርድና በቅመም የምትታወቅ ናት፤ እርድ በተተከለበት የደቡብ ምዕራብ ጓሮ ሁሉ ታኅሣሥ ላይ የእርዱ ቅጠል መገርጣት ይጀምራል። ማዘኛ አይደለም፤ ሥሩ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ከላይ ደግሞ የዋንዛው ነጭ አበባ ጠውልጎ ቡናማ ሆኗል፤ ወረቀት የመሰለው የደረቀ አበባ ከቅርንጫፉ ሳይወርድ ይቆያል፤ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ወደ አጥሩ ጠጋ ቢሉ የኮርቹ ቅርፊት ሻካራና እሾሃማ ነው። እጅ ከሰም፣ ከጠጕር፣ ከእሾህና ከወረቀት ጋር በጥቂት እርምጃ ውስጥ ይገናኛል።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። በዚህ ጓሮ ግን ሙያው ከቤት ወጥቶ፣ ለሚያልፍ ሁሉ ተገልጦ ቆሟል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ጥላው እንኳ ልክ አለው። ብሳናው ቢበዛ ቡናው ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ቢያንስ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ቅርንጫፉ እየተመጠነ ይቆረጣል፤ ከሥሩ የቆመ ሰው መሬቱ ላይ የሚያየው ብርሃንና ጥላ የተዥጎረጎረበት ሥዕል የዚያ መጥረቢያ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ዘመደ አስፋው የኢትዮጵያን ጓሮዎች ለዓመታት ሲያጠኑ የተከራከሩት ለዚህ ነው፦ ጓሮ የእርሻ ትርፍራፊ ሳይሆን የብዝኀ ሕይወት ማኖሪያ ነው ብለው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ እንሰትንና ቡናን ከትልልቅ ዛፎች ሥር አስማምቶ የማኖርን ጥበብ ዓለም በአደባባይ አክብሯል። የማጂና የቱም ጓሮዎች ያን ያህል ስም አላገኙም፤ በአንድ ጥላ ሥር ብዙ ሕይወት የማኖሩ ብልሃት ግን ወንድማማች ነው።

ጥበብ የምንለውን ነገር ብዙውን ጊዜ በሙዚየም፣ በድንጋይና በብራና እንፈልጋለን። እንዲህ ያለው ጥበብ ግን በየዓመቱ ራሱን እያደሰ የሚኖር ነው፤ ስለዚህም በቀላሉ ይጠፋል። በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች የእንሰትና የቡና ጓሮ ለባሕር ዛፍና ለጫት ቦታውን ሲለቅ አይተናል። ገበሬው ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ በዚህ አይፈረድበትም። የሚያሳስበኝ፣ ጓሮው ሲቀየር አብሮ የሚሄደውን እውቀት የሚመዘግብ አለመኖሩ ነው። ከዳር ያለውን ቢጫ ከልብ ከወጣው ቢጫ የለየች ዓይን፣ ቀዩን አከርካሪ ከነዝርያ ስሙ የምታውቅ ምላስ፣ ብሳናው ምን ያህል መቆረጥ እንዳለበት የለካ እጅ አንዴ ከጠፉ በመጽሐፍ አይተኩም። የግብርና ተማሪ ለልምምድ ወደ ማጂ ወረዳ ሲላክ የመጀመሪያ ሥራው ማዳበሪያ መለካት ሳይሆን፣ በመጸው መገባደጃ ከባለጓሮዋ ጋር ጓሮውን ዞሮ የእያንዳንዱን ቅጠል ቀለም፣ ስምና ምክንያት ከአፏ መጻፍ ቢሆን እመኛለሁ። መዝገቡ የእሷን ስም በባለሙያነት ከፊት አስቀምጦ ቢጀምር ደግሞ፣ ለሥራዋ የሚገባው ክብር ነው።