«ትእዛዘ ሰንበት» እና ካባላ፦ ስለ ዝምድና ፍለጋ የቀረበ ኂስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዳላስ ከተማ በተደረገ የኢትዮጵያውያን ምሁራን ስብሰባ ላይ ስለ ቤተ እስራኤል ሥነ ጽሑፍ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዤ ነበር። በዚያ ንግግር፣ በግእዝ የተጻፈው «ትእዛዘ ሰንበት» የሚስላት ሰንበት በአይሁድ ካባላ ውስጥ «ሸኪና» ለምትባለው አምላካዊት ህላዌ ታላቅ እኅት ናት ብዬ ተከራከርሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ወዳጄም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እንግዲህ ካባላም ከእኛ ወጣ ማለት ነው» አለኝ፤ ሳቅሁ እንጂ አላረምሁትም። ይህ ጽሑፍ ያን ንግግር ለማረም የቀረበ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስሕተቱ ከየት እንደ መነጨ ማየት ይገባል። የአይሁድ ምሥጢራዊ ትውፊት ጥናት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ የቆመው ከሁሉ በላይ በአንድ ሰው ትጋት ነው። ገርሾም ሾለም በርሊን ተወልዶ፣ በ1922 ከካባላ ቀደምት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በ«ባሂር» ላይ የዶክትሬት ድርሳኑን ሠርቶ፣ በ1923 ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ታላላቅ አይሁዳውያን የታሪክ ጸሐፊዎች፣ በተለይም ሄንሪክ ግሬትስ፣ ካባላን በአመክንዮ ላይ የተነሣ የአጉል እምነት ማዕበል አድርገው ያዩት ነበር። ሾለም በ1938 በኒው ዮርክ ያቀረባቸውና በ1941 በመጽሐፍ የታተሙት ንግግሮች ይህን አመለካከት ገለበጡ። ከጥንቶቹ የሰረገላው ተመልካቾች ተነሥቶ፣ በመካከለኛው ዘመን ጀርመን፣ በስፔን፣ በጸፋት፣ በሐሰተኛው መሲሕ በሻብታይ ጽቪ በኩል አልፎ እስከ ምሥራቅ አውሮፓ ሐሲዶች የሚደርስ አንድ ረጅም መንገድ ዘረጋ። በዚያ መንገድ ላይ ለቤተ እስራኤል የተለየ ማረፊያ የለም። እኛም፣ እንደ ልማዳችን፣ ስማችን በሌለበት መዝገብ ላይ ስማችንን ለማስገባት ተጣደፍን።

እርግጥ ነው፣ መዝገቡ ሲጀመር ኢትዮጵያ አለች። መጽሐፈ ሄኖክ ምሉእ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ካስገባ በኋላ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ አውጉስት ዲልማን ደግሞ በ1851 የግእዙን ንባብ በጥንቃቄ አሳተመ። ከሙት ባሕር ዋሻዎች የወጡት የአረማይክ ቁርጥራጮች ሚሊክ በ1976 ሲያሳትማቸው፣ መጽሐፉ ከክርስትና በፊት የነበረ የአይሁድ መጽሐፍ መሆኑ የሚያጠራጥር አልሆነም። በዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ ሄኖክ በነፋስና በደመና ተነጥቆ፣ ከነበልባል በተሠራ ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ዙፋኑን ያያል። ኢታማር ግሩንዋልድ በ1980 እንዳሳየው፣ በኋላ «መርካባ» የተባለው የሰረገላ ምሥጢር ሥሮች ከእንዲህ ያሉ ራእዮች ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ አንድ የካባላ ተማሪ የትውፊቱን ሥር ሲፈልግ የግእዝ ፊደል ፊት መቆሙ አይቀርም። ይህ እውነት ነው፤ ለኩራትም ይበቃል። ክፋቱ፣ በዚህ እውነት ላይ ሌላ እውነት ያልሆነ ፎቅ መሥራታችን ነው።

«ትእዛዘ ሰንበት»ን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ዮሴፍ አሌቪ በ1902 የግእዙን ንባብ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በፓሪስ አሳትሞታል። ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ለብዙኃኑ ያደረሰው ቮልፍ ሌስላው ነው፤ በ1951 ከየል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በወጣው የፈላሻ ጽሑፎች ስብስቡ ውስጥ ይገኛል። በመጽሐፉ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም። መላእክት የሚያጅቧት፣ በፈጣሪ ፊት የምትቆም፣ ላከበሯት ሰዎች የምትማልድ ሴት ናት። በሲኦል ያሉት እንኳ በእርሷ ምክንያት ዕረፍት ያገኛሉ። አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፦ በዚያው በ1951 አብርሃም ዮሹዋ ሄሸል የተባለው የሐሲድ ሊቃውንት ዘር ስለ ሰንበት የጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ሄሸል ዋርሶ በ1907፣ ሌስላው ደግሞ በዚያው በፖላንድ በ1906 የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም ከናዚ አውሮፓ አምልጠው የመጡ ስደተኞች። አንዱ ሰንበትን በአባቶቹ ቋንቋ ሲተነትን፣ ሌላው በእኛ አባቶች ቋንቋ አገኛት። ስደተኛ ለሆነ አንባቢ ይህ ግጥምጥሞሽ ልብ ይነካል፤ የእኔንም ልብ ነክቶ ነበር። ማስረጃ ግን አይሆንም።

በጸፋት የነበሩት የዐሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት ካባሊስቶች ዓርብ ሲመሽ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ለመቀበል ወደ ሜዳ ይወጡ እንደነበር ይታወቃል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ መመሳሰሉ አሳሳተኝ። ሁለት ቀላል ጥያቄዎችን መጠየቅ ነበረብኝ። አንደኛው የሰዋስው ነው፦ ሰንበት በግእዝም በዕብራይስጥም አንስታይ ናት። አንስታይ ስም ያላት የተቀደሰች ነገር በሰባኪ አፍ ሴት ብትሆን የሚያስገርም አይደለም፤ ዝምድናም አያስፈልገውም። ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀኝ ግን ሌላ ሰው ነው።

በጋርላንድ የሚኖሩ፣ በአገር ቤት ቅኔና ዜማ የተማሩ አንድ አረጋዊ ደብተራ አሉ። ከንግግሬ በኋላ የአሌቪን እትም ቅጂ ይዤላቸው ሄድሁና፣ «የኔታ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» አልኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ በዜማ እየጎተቱ ጥቂት ገጾች አነበቡ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ ይህንማ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። እሑዷ ብቻ ጎድላለች» አሉኝ።

እኒያ አረጋዊ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩት፣ ስቲቨን ካፕላን በ1987 በዚህ መጽሐፍ ላይ ባወጣው ጥናትና በ1992 ባሳተመው የቤተ እስራኤል ታሪክ በብዙ ማስረጃ ካስረዳው ጋር ይገጥማል። ዛሬ በእጃችን ያለው የቤተ እስራኤል ሥነ ጽሑፍ አብዛኛው በግእዝ ከነበረው ክርስቲያናዊ ሥነ ጽሑፍ የተወሰደና የታረመ ነው። የሰንበት ክብርም ለአገራችን ክርስትና እንግዳ ነገር አልነበረም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው በዐሥራ አራተኛው ምእት ዓመት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ተሰድደዋል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወስነዋል። ሰንበትን የምታማልድ እመቤት ያደረገው አየር ይህ ነው እንጂ፣ ከሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን በተራሮቻችን ውስጥ ተደብቆ የቆየ ምሥጢር አይደለም።

ሾለም ራሱ በዚህ ረገድ ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር። በ1925 በኢየሩሳሌም በሰጠው የመክፈቻ ንግግር፣ «ዞሃር»ን የጻፈው በ1305 የሞተው ስፔናዊው ሙሴ ዴ ሌዮን ነው የሚለው የግሬትስ አስተያየት አልተረጋገጠም ብሎ ነበር። መጽሐፉ ጥንታዊ ነገር እንዲገኝበት የተመኘ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የአረማይኩን ቃላትና አገባብ አንድ በአንድ መረመረ። ቋንቋው ከመጻሕፍት የተለቀመ ሰው ሠራሽ አረማይክ ሆነበት፤ የፍልስጥኤም መልክዐ ምድርም ያላየው ሰው እንደ ጻፈው ሆነበት። በ1938 ንግግሮቹ ያለ ማንገራገር ለግሬትስ ፈረደ። የሚወድደውን መጽሐፍ በሺህ ዓመት አሳነሰው፤ መውደዱን ግን አልቀነሰም። እኛ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ»ን በተመለከተ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ከጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ብዕር የወጣ ነው ካለ ወዲህ የምናደርገውን ክርክር አንባቢ ያስታውስ። ማን ልክ እንደሆነ እዚህ ላይ አልፈርድም፤ ከሁለቱም ወገን ግን ግእዙን ሳይከፍት የሚከራከር ሰው መብዛቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዲህ ስል ግን፣ «ተውሶ ነው» ብሎ ዶሴውን የሚዘጋውን አንባቢም አልደግፍም። ምንጭን ማሳየት መጽሐፍን ማንበብ አይደለም። የኔታ «እሑዷ ጎድላለች» ሲሉ የጠቆሙት ጉድለት የጸሐፊው ሥራ ነው። ያ ስሙ ያልታወቀ የቤተ እስራኤል ጸሐፊ የክርስቲያን ድርሳን ፊቱ ዘርግቶ፣ የሚቀረውንና የሚጣለውን ሲለይ ሃይማኖቱን ጻፈ። የሰረዘው ነገር የጻፈውን ያህል ይናገራል። በአፍ ታሪክ ለዐፄ ይስሐቅ የሚሰጠው አዋጅ ያልተጠመቀ ርስት አይኖረውም፣ ፈላሲ ይሁን ይላል። ርስቱን የተነጠቀ ሕዝብ ከነጣቂው መጽሐፍ ውስጥ ሊነጠቅ የማይችለውን ቀን ለይቶ ማውጣቱን «ተውሶ» በሚል ቃል ብቻ ማለፍ ደካማ ንባብ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር መደበቅ አልችልም። ያደግሁት ጎንደር ነው። እናቴ ምጣዱን ከወለቃ ሴቶች ትገዛ ነበር፤ እኔን ግን ከሻጯ ዓይን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር፤ ቡዳ ናቸው ይባል ነበርና። ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ተኩል ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ሲወሰዱ፣ እኔ በስደት ሆኜ በቴሌቪዥን አየሁ። ሰዎቹ በመካከላችን ሳሉ በነጠላ የተሸፈነው ልጅ፣ ከሄዱ በኋላ መጽሐፋቸውን አንሥቶ «የእኛ ካባላ» ማለቱ አሁን ያሳፍረኛል። አጨብጫቢዎቼ ውስጥ ከእነርሱ ወገን አንድ ሰው እንኳ ነበረ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።

ስለ ሌላውም ፈተና ጥቂት ልበል። ሾለም በዐሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት የተነሣውን የይስሐቅ ሉሪያን ትምህርት፣ ማለትም የተሰበሩትን ዕቃዎችና የተሰደዱትን የብርሃን ፍንጣቂዎች፣ አይሁድ በ1492 ከስፔን ለመባረራቸው የተሰጠ መልስ አድርጎ ተርጉሞታል። ለስደተኛ ይህን ያህል የሚጣፍጥ ትርጓሜ የለም፤ በየስብሰባችን ሲጠቀስ የምሰማውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ሞሼ ኢዴል በ1988 ባወጣው መጽሐፍ፣ ጽሑፎቹ ራሳቸው ይህን ግንኙነት እንደማያሳዩ ተከራክሯል፤ ክርክሩም ጠንካራ ነው። መሰደድ ሁሉ ምሥጢር አይወልድም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወልደው የማኅበር ጠብና ጋዜጣ ነው።

ከካባላ ጋር የሚነጻጸር ነገር በአገራችን መፈለግ ያለበት ምናልባት ሌላ ቦታ ነው፦ የአምላክ ኅቡእ ስሞች በሚቆጠሩባቸው የአስማት ጥቅልሎችና ባጅ በ1929 ወደ እንግሊዝኛ በመለሰው «ልፋፈ ጽድቅ» ውስጥ። በእነዚህ አዶናይና ኤልሻዳይ የመሳሰሉ የዕብራይስጥ ስሞች ከግእዝ ጸሎት ጋር ይሄዳሉ። ግን ይህም ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል፤ ደግሜ ጭብጨባ ለመቀበል አልቸኩልም።

በሰሜን ዳላስ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሐምሌ ሙቀት ሳይቀር፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ የሉባቪች ሐሲዶች መኪናቸውን ትተው ከልጆቻቸው ጋር በእግራቸው ወደ ምኩራብ ሲሄዱ ይታያሉ። እኔ በዚያ መንገድ በመኪና አልፌ ወደ ጋርላንድ እሄዳለሁ። በንግግሬ «ጥንታዊ» ያልሁት ቃል ይሰረዝ፤ «ታላቅ እኅት» ያልሁትም እንዲሁ። ሄኖክን በሚመለከት ያልሁት ይጽና። የኔታና እኔ የአሌቪን እትም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን እያነበብን፣ እሑድ የጎደለችበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ እናሰምራለን። የኔታ ከአንዳንዱ መስመር ላይ ቆም ብለው የተሰረዘውን ቃል ከቃላቸው ይነግሩኛል፤ እኔ በኅዳጉ እጽፋለሁ።