ከጥዱ ሥር ላለችው ፈርን

ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ወደ ጮቄ የሚጓዝ ሰው፣ በማሳው መካከል ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ካየ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል። ጥዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን ሁሉም ያደንቃል። እኔ ማመስገን የምፈልገው ከሥራቸው ያለችውን ፈርን ነው።

ፈርን አበባም ዘርም የላትም። የምትራባው በቅጠሏ ጀርባ ከተደረደሩት ቡናማ ነጠብጣቦች በሚወጣ ደቃቅ ብናኝ ነው። ብናኙን ነፋስ ሩቅ ይወስድላታል፤ ብናኙ ከበቀለ በኋላ ግን የወንዴው ሕዋስ በውሃ ዋኝቶ ወደ ሴቴው መድረስ አለበት። ስስ እርጥበት ይበቃዋል፤ እሱ ከታጣ ትውልዷ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ፈርን ያለበት ቅጥር ጥላውና እርጥበቱ ያልተነካ ነው። ግንድ ላይ ከሚኖሩት አንዳንዶቹ ደግሞ በበጋ ተጨማደው የሞቱ ይመስላሉ፤ ክረምት ሲገባ ይለመልማሉ። ይህን ጽናታቸውን እወደዋለሁ።

ጥላውን ለዘመናት ያቆዩልን ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ አድርገው ያዩ ካህናትና ምእመናን ናቸው፤ ምስጋናው ይድረሳቸው። አሁን ግን ባሕር ዛፍም ከብትም ወደ ቅጥሩ እየገባ ነው። ዛፉ ቢቆምም ሥሩ ከተመነጠረ ፈርኗ ትጠፋለች። የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ግቢውን ስታጸዱ ከዛፉ ሥር ያለውን ለምለም እባካችሁ አትመንጥሩት።